ጭንቅላት ታች

ወንድም ጋሼ ጣና ላይ ሲዋኝ ፀጉሩ አይረጥብም ነበር። አንገቱን እንደ ዳክዬ ቀጥ ያደርጋል። ሁለት እጁን በየተራ ወደፊት እየወረወረ፣ ከዳር ተነስቶ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተሰጣ ልብስ እጠብቃለሁ። ወንዶቹ ይዋኛሉ፤ እኛ እናጥባለን። «አንቺ አትዋኚ» ብሎ የከለከለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። መከልከልም አላስፈለገም። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ውሃ እያየሁ አድጌ፣ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ሳልገባ ነው ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣሁት።

ዋና የተማርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ወገቤን ክፉኛ አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ሩጫውን ይተዉትና ዋና ይሞክሩ» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ገንዳው ውስጥ ገብቼ የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግኩ፤ ወንድም ጋሼን መሰልኩ። አንገቴን ቀጥ፣ እጄን ወደፊት። አምስት ሜትር እንኳ ሳልሄድ እግሬ ቁልቁል ወረደ። ውሃ ጠጣሁ። አሰልጣኙ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ሳሌ እስኪያቆም ጠበቀኝና፣ «እህቴ፣ ጭንቅላት ታች» አለኝ።

ታች ማለት ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር ማለት ነው። መንከር ብቻም አይደለም። ነክሮ መቆየት፣ እዚያው ውስጥ ትንፋሽ ማውጣት፣ ወለሉን እያዩ መሄድ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ፊቴን ስነክርና ሳወጣ ከረምኩ። አጠገቤ የስድስት ዓመት ልጆች እንደ ዓሣ ይመላለሳሉ። እኔ አረፋ እያወጣሁ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ልቤ መደለቅ ትጀምራለች፤ ቀና እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ሆነልኝ። ፊቴን ነከርኩ፤ በመነጽሩ ውስጥ የወለሉን ጥቁር መስመር አየሁ፤ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። ያኔ ዳሌዬ በራሱ ጊዜ ብድግ አለ። ማንም አልነካኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየረገጥኩ ላነሳው የታገልኩት እግሬ ከኋላዬ ተንሳፍፎ ነበር። ጭንቅላት ከባድ ነገር ነው። እሱን ከውሃ በላይ ለመያዝ ስንል ሌላው አካላችን ወደ ታች ይሄዳል። አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። ይሄ ነው ነገሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ይህን ማን አወቀው? ፊቱን መጀመሪያ የነከረው ማን ነው? ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ያልለቀቀኝን ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን፣ 1844። ከሰሜን አሜሪካ ኦጂብዌ ከሚባለው ሕዝብ የመጡ ሁለት ሰዎች አንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተወዳደሩ። እንግሊዞቹ ፍላይንግ ጋልና ቶባኮ ይሏቸዋል። ፍላይንግ ጋል 40 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የገንዳ ርዝመት በ30 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። እጃቸውን በየተራ ከውሃ በላይ አውጥተው ወደፊት ይወረውራሉ፤ በእግራቸው ውሃውን ወደ ታች ይመታሉ። በጊዜው የጻፈው ጋዜጣ እጃቸውን ከነፋስ ወፍጮ ጋር አመሳስሎ፣ አዋኛኘታቸው ፈጽሞ አውሮፓዊ እንዳልሆነ ለአንባቢው አስረዳ። አድናቆት አልነበረም። ውሃ መርጨት፣ መንፈራገጥ ነውር ነገር ነበር። ጨዋ ሰው በደረቱ ነው የሚዋኘው፤ እንደ እንቁራሪት፣ ፊቱን ከውሃ በላይ አድርጎ፣ ሳይረጭ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ። በኋላም አንድ እንግሊዛዊ በዚሁ የደረት ዋና ሁለቱንም ስላሸነፋቸው ነገሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱም መረጃው እዚያው ዓይናቸው ሥር ነበር። ከዚያም በፊት ነበር። በ1450ዎቹ ካዳሞስቶ የተባለ የቬኒስ ሰው ሴኔጋል ወንዝ ዳር ያያቸውን አፍሪካውያን በዓለም ላይ ወደር የሌላቸው ዋናተኞች ናቸው ብሎ ጽፏል። በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ በፓስፊክ ደሴቶች፣ በአሜሪካ ወንዞች ሰው እጁን እየወረወረ ይዋኝ ነበር። አውሮፓ አይታው «ይሄማ መንፈራገጥ ነው» ብላ ተወችው። ያ ትዕቢት የብዙ አሥርት ዓመታት ዋጋ አስከፍሏል።

በ1875 ካፒቴን ማቲው ዌብ ከእንግሊዝ እስከ ፈረንሳይ የሚያደርሰውን ባሕር ዋኝቶ ተሻገረ። ያለ ምንም መንሳፈፊያ ያን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ነው። 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀበት፤ ያውም በደረት ዋና። ጽናቱ ያስደንቃል። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ሰውዬው ደረቱን ለባሕሩ እየሰጠ፣ እግሩን በሰበሰበ ቁጥር ራሱን እያቆመ ነው የሄደው። በደረት ዋና እግርሽን ስትሰበስቢ ጭንሽ ውሃውን ይገፋል፤ ውሃውም አንቺን መልሶ ይገፋል። እያንዳንዱ ምት ውስጥ ፍሬን አለ።

በዚያው ዘመን ጆን ትረጅን የተባለ እንግሊዛዊ በልጅነቱ ከደቡብ አሜሪካ የተማረውን ይዞ መጣ። እጁን ከውሃ በላይ ያወጣል፤ እግሩ ግን ገና የእንቁራሪቱ ዘመድ ነው። ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ አሮጌ። ሰው አዲስ ነገር ሲቀበል እንዲህ ነው፤ አንድ እግሩን ያቆያል። እኔም ለወራት እጄን እንደ አሰልጣኙ፣ ጭንቅላቴን እንደ ወንድም ጋሼ አድርጌ ስዋኝ ነበርና በደንብ ይገባኛል።

እግሩ የተከተለው ሲድኒ ላይ ነው። አሊክ ዊክሃም የሚባል ልጅ ከሰለሞን ደሴቶች ወደ አውስትራሊያ መጣ። እሱ የሚዋኘው በአገሩ ሐይቅ ልጅ ሁሉ እንደሚዋኘው ነበር፤ እጅ በየተራ፣ እግር በየተራ ላይ ታች። አንድ አሰልጣኝ አይቶት «ያ ልጅ ሲድህ ተመልከቱ» አለ ይባላል። በእንግሊዝኛ ይህ አዋኛኘት እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም «መዳህ» የሚል ትርጉም አለው። ካቪል የሚባሉ የዋናተኛ ቤተሰብ ወንድማማቾች ነገሩን አነሱት። ከእነሱ አንዱ ዲክ ካቪል በ1902 መቶ ያርድን (91 ሜትር ገደማ ነው) ከአንድ ደቂቃ በታች ዋኘ። እኛ ዛሬ ነፃ ቀዘፋ የምንለው ይሄው ነው። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል። ነፃ ማለት እንደፈለግሽ ዋኚ ማለት ነው። ሕጉ ማንንም አላስገደደም፤ ሁሉም ግን ይህንኑ መረጠ።

የሃዋይ ደሴቶቹን ልጅ ዱክ ካሃናሞኩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በነሐሴ 1911 ሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ መቶ ያርድ በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። የዓለም ክብረ ወሰኑን በአራት ሰከንድ ከምናምን አሻሻለው ይባላል። ዋናው አሜሪካ ያሉት ባለሥልጣናት አላመኑም። «ሰዓታችሁ ተሳስቷል፣ ማዕበል ገፍቶት ነው» አሉ፤ ሳያጸድቁለት ቀሩ። ሰውዬው አልተጨቃጨቀም። በሚቀጥለው ዓመት ስቶክሆልም ሄዶ የመቶ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ቅድመ አያቶቹ ለዘመናት ያቆዩትን ዋና ነው ይዞ የሄደው።

ስቶክሆልም ላይ ሌላም ነገር ሆነ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ዋና ተወዳደሩ። አውስትራሊያዊቷ ፋኒ ዱራክ የመቶ ሜትሩን ፍጻሜ በ1 ደቂቃ ከ22.2 ሰከንድ አሸነፈች። ይህን ቁጥር ሳየው የሆነ ቦታ የማውቀው መሰለኝ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። በ1896 አቴንስ ላይ ሃንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ በቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ የመጀመሪያውን የመቶ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደበት ሰዓት 1 ደቂቃ ከ22.2 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት፣ የተሻለ አዋኛኘት፣ የተሻለ ውሃ፤ እና አንዲት ሴት ከወንዶቹ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ጋር እኩል። አባቱ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ ሰምጠው ስለሞቱ ነው ሃዮሽ ዋና የያዘው። በ13 ዓመቱ። ከውሃ ጋር እንዲህ ያለ ሒሳብ ያለው ሰው ብዙ ነው።

በ1926 ደግሞ ገርትሩድ ኤደርሌ። የዌብን ባሕር የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት። 14 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ ፈጠነች፤ በጣም ፈጣኑን ወንድ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደመችው። የዋኘችው በነፃ ቀዘፋ ነው፤ ውሃ እንዳይገባበት በሰም የተደፈነ መነጽር አድርጋ። ፊቷን ውሃ ውስጥ ለማድረግ መነጽር ያስፈልጋት ነበር። ይህን ሳነብ ከአልጋዬ ተነስቼ የራሴን መነጽር ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። ርካሽ ነገር ነው፤ ላስቲኩ ላልቷል። ኦሊምፒክ ላይ ግን መነጽር የተፈቀደው በ1976 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙ ዋናተኞች ክሎሪን ዓይናቸውን እያቃጠለው ነው የሠለጠኑት። ታዲያ ሰው ስንት ሰዓት ይሠለጥናል?

ጆኒ ቫይስሙለርን ብዙ ሰው በታርዛንነቱ ያውቀዋል። እኔ የማስበው በጭንቅላቱ ነው። በ1922 መቶ ሜትርን ከአንድ ደቂቃ በታች፣ በ58.6 ሰከንድ የዋኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። የድሮውን ፊልም ካያችሁት ደረቱን ከፍ፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ውሃውን እንደ ፈጣን ጀልባ ይሰነጥቃል። ያማረ ነው። ግን ጉልበት ይበላል። እሱ ጉልበቱ ነበረው። የዛሬዎቹ ፊታቸውን ወደ ወለሉ አድርገው፣ ለመተንፈስ ሲሉ ብቻ ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ግማሽ አፋቸው ውሃ ውስጥ እያለ ነው አየር የሚስቡት። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ፍጥነትሽን እጥፍ ላድርግ ብትዪ ውሃው አራት እጥፍ ያህል ይገፋሻል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ መግፋት ሳይሆን መንገድ አለመዝጋት ነው። እኔ ሯጮች አገር ነው ያደግኩት፤ ጉልበት የጨመረ ይፈጥናል ብዬ ነበር የማምነው። ገንዳው ውስጥ ጉልበት በጨመርኩ ቁጥር ዘገየሁ።

አሁን ቢራቢሮ ስለሚባለው አዋኛኘት ልንገራችሁ። ይሄ ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

በ1930ዎቹ የደረት ዋና ሕግ ሁለቱ እጆች አብረው ወደፊት ይሂዱ ይላል። ከውሃ ሥር ይሂዱ ግን አይልም። አሜሪካ ውስጥ የተወሰኑ ዋናተኞችና አሰልጣኞች ይህን ቀዳዳ አዩት። ሁለት እጃቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው እንደ ክንፍ ወረወሩት። እግራቸው የእንቁራሪት፣ እጃቸው የቢራቢሮ። ዳኞቹ ተቆጡ፤ ሕጉን ገለጡ፤ ሕጉ አይከለክልም። ፈጣን ስለነበረ ሌላውም ተከተለ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በደረት ዋና ውድድር ከተሰለፉት አብዛኞቹ በቢራቢሮ እጅ ነበር የዋኙት። እውነተኛው የደረት ዋና በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። በመጨረሻ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሁለቱን ለያያቸው። በ1956 ሜልቦርን ላይ ቢራቢሮ በራሱ ስም የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

ታሪኩ በዚህ አያልቅም። ቢራቢሮው ከደረት ዋና ተለይቶ ሲወጣ ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ ሌላ ቀዳዳ አየ። ሕጉ ከውሃ በላይ ቆዩ አይልም። እዚያው ሜልቦርን ላይ የ200 ሜትሩን የደረት ዋና አብዛኛውን ከውሃ ሥር ዋኝቶ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ሕጉ እንደገና ተቀየረ። ውሃው ገጽ ላይ ስንዋኝ ማዕበል እንፈጥራለን፤ ማዕበል ለመፍጠር የወጣው ጉልበት ደግሞ የእኛው ነው። ጠለቅ ብሎ የሚሄድ ያን ግብር አይከፍልም። ፉሩካዋ ይህን በሳንባው ነው የከፈለው።

በ1988 ሶል ላይ ዴቪድ በርኮፍ በጀርባ ዋና ያንኑ አደረገ። ሲነሳ ጠልቆ፣ እጆቹን ከጭንቅላቱ በላይ አጣብቆ፣ እንደ ዶልፊን መላ ሰውነቱን እያወዛወዘ፣ 35 ሜትር ያህል ከውሃ ሥር ሄዶ ብቅ አለ። በማጣሪያው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በፍጻሜው ጃፓናዊው ዳይቺ ሱዙኪ በዚያው ዘዴ ቀደመው። ፌዴሬሽኑ ገደብ አወጣ፤ ዛሬ ከደረት ዋና በቀር ከግድግዳው በኋላ ቢበዛ 15 ሜትር ነው። ዘዴው ግን አልጠፋም። አሁን ማንም ትልቅ ዋናተኛ ያለ እሱ አያሸንፍም። እኔ ሞክሬው አራት ሜትር ሄጃለሁ። እነዚያ አራት ሜትሮች ጸጥታ አላቸው፤ ከላይ የሚጮሁት ልጆች ድምፅ ይጠፋል።

ሰው ሁሉ የሚዋኝበትን እጅ በደንብ ያየው ግን ጄምስ ካውንስልማን ነው። የማርክ ስፒትዝ አሰልጣኝ፤ ስፒትዝ በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ የወሰደው ነው። ካውንስልማን ገንዳውን አጨልሞ፣ የዋናተኞቹ እጅ ላይ መብራት አስሮ ፎቶ አነሳ። ጨለማው ውስጥ የእጁ መንገድ በብርሃን ተጻፈ። ቀጥ ያለ አልነበረም። የእንግሊዝኛዋን ኤስ ፊደል ይመስላል። እሱም እጅ ውሃን ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ጎን እየቆረጠ ይሄዳል አለ። የአንድ ትውልድ አሰልጣኝ ሁሉ ኤስን አስተማረ። ልጆች ሆን ብለው እጃቸውን እያጣመሙ ዋኙ።

ዛሬ አብዛኛው አሰልጣኝ ይህን አያስተምርም። ኩርባው የመጣው በአብዛኛው ሰውነት በየቀዘፋው ወደ ጎን ስለሚዞር ነው፤ ዋናው ሥራ ግን ውሃን ይዞ ወደ ኋላ መግፋት ነው። የእኔ አሰልጣኝ ክርኔን ከፍ፣ ክንዴን ወደ ታች አጥፌ፣ መዳፌንና ክንዴን እንደ አንድ መቅዘፊያ እንድይዝ ነው የሚጮህብኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ለራሴ «ጋን አቅፈሽ እንደምታነሺ» አልኩት። ሠርግ ቤት ትልቁን የጠላ ጋን በክንድሽ አቅፈሽ ታውቂያለሽ? ክርኑ ከላይ፣ ክንዱ ሆዱ ላይ። ልክ እንደዚያ። በዚያ ቀን 25 ሜትሩን በ26 ቀዘፋ ጨረስኩ፤ ከዚያ በፊት 34 ነበር። ካውንስልማን ተሳስቶ ቢሆን እንኳ እወደዋለሁ። ጨለማ ገንዳ ውስጥ መብራት አስሮ እጅን ለማየት የሞከረ ሰው ነው። በ1979 ደግሞ በ58 ዓመቱ ያንን የዌብን ባሕር ዋኝቶ ተሻገረ።

ስለ ዋና ልብሶቹ ብዙ የምለው የለኝም። በ2008 እና በ2009 ሰውነትን አጥብቀው የሚይዙ፣ የሚያንሳፍፉ ልብሶች መጡ። በሮም የዓለም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ተከለከሉ። ደግ አደረጉ። በሰው ትከሻና ሳንባ ያልተገኘ ነገር አይስበኝም።

ይልቅ ስለ ሮቤል ላውራ።

በ2016 ሪዮ ላይ የእኛው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳደረ። 1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ። ከሁሉም ኋላ ነበር። ዓለም በሰውነቱ ሳቀ፤ ስም አወጣለት። እኛም አገር ውስጥ እንዴት ተመረጠ የሚለው ብዙ አነጋገረ። የምርጫው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነበር። የሳቁ ግን ያኔም አንገበገበኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አሁን አለኝ። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንኤልስ ይህንኑ መቶ ሜትር ሲያሸንፍ የዓለም ክብረ ወሰንም ነበር። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ05.6። ሮቤል ይቀድመዋል።

ማታ ይህን ሳይ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። አዎ፣ ገንዳው ሌላ ነው፣ ልብሱ ሌላ ነው፣ ዘመኑ ሌላ ነው። ቢሆንም አስቡት። የሩጫ አገር ልጅ፣ እንደሌላው ከመሮጥ ይልቅ ልዋኝ ያለ ልጅ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ምድር ላይ አንደኛ ከነበረው ሰው ይፈጥናል። ዳንኤልስ ታላቅ ዋናተኛ ነው፤ ጉልበት አላነሰውም። ያነሰው ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ያወቁት ነገር ነው። ዊክሃም ከደሴቱ ያመጣው፣ ዱክ ከወደቡ፣ ኤደርሌ በመነጽሯ፣ ካውንስልማን በመብራቱ፤ ያ ሁሉ እየተንከባለለ መጥቶ ሪዮ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ትከሻ ውስጥ ነበር። እኔ ወለሉን እያየሁ 25 ሜትር ስሄድም አለ። በ2024 ፓሪስ ላይ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ ያንኑ መቶ ሜትር በ46.40 ጨረሰ። ከዳንኤልስ 19 ሰከንድ ያነሰ ነው። የሰው ክንድ በመቶ ዓመት ያን ያህል አልረዘመም።

ባለፈው ጥምቀት ባሕር ዳር ሄድኩ። ወንድም ጋሼ አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶታል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ከበዓሉ ማግስት በማለዳ ተያይዘን ወረድን። እሱ በሚያውቀው፣ ከዳሩ ቄጠማ ራቅ ባለ ቦታ በጀልባ ወሰደኝ። (ዳር ዳሩን መግባት ቢልሃርዝያ ያስይዛልና እናንተም ተጠንቀቁ።) ዘልዬ ገባሁ። ፊቴን ነክሬ፣ ጋኑን አቅፌ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ሄጄ ተመለስኩ። የጀልባውን ጫፍ ይዤ ቀና ስል እያየኝ ነበር።

«ጎበዝ» አለ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ግን እንዲህ ሆነሽ ጉማሬ ቢመጣ በምን ታይዋለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በሕይወቴ ሙሉ አንገቱን ቀጥ ማድረጉ አለማወቅ ይመስለኝ ነበር፤ በተለይ ገንዳ ከገባሁ ወዲህ። ለካ ሲያይ ነበር። ጉማሬ፣ ታንኳ፣ ከደሴቶቹ በኩል የሚነሳ ማዕበል፤ ገንዳ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም። ገንዳ ወለሉ ላይ መስመር ተሠምሮለታል፤ ውሃው እስከ ታች ያሳያል፤ መጨረሻው ላይ ግድግዳ ይጠብቅሻል። እኔ የተማርኩት የዚያን ውሃ ዋና ነው። ጣና ላይ ግን ወዴት እንደምሄድ እንኳ አላየሁም ነበር፤ ከጀልባው ቀኝ ብዬ ተነስቼ ስመለስ በግራ በኩል ነው የደረስኩት። ባሕር ላይ ርቀት የሚዋኙት በየተወሰነ ቀዘፋው ዓይናቸውን ከውሃ ብቅ አድርገው ወደፊት ያያሉ። አሰልጣኜ ይህን አላስተማረኝም፤ አላስፈለገውም። ወንድም ጋሼን «አሳየኝ» አልኩት።

ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ጎን ለጎን ሄድን። ስድስት ቀዘፋ ፊት ታች፣ አንድ ጊዜ ዓይን ላይ። «አሁን» ይለኛል፤ ቀና እላለሁ፤ ጀልባውን አያለሁ፤ እመለሳለሁ። እሱ እንደ ድሮው አንገቱ ቀጥ ብሎ አጠገቤ ይሄዳል። እስትንፋሱ ግን ቶሎ ቶሎ ሆኗል። ጀልባው ላይ ወጥተን ፀሐይ እየሞቅን ሳለ መነጽሬን ከግንባሬ አንስቶ ገለባብጦ አየው።

«ይሄ ነገር ያሳያል?»

«ሞክረው» አልኩት።

አጠለቀው። ላስቲኩን ከኋላ አጠበቅኩለት። በጀልባው ጎን ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ ፊቱን ጣና ውስጥ ነከረ። ሁለት አረፋ ወጣ። ቀና አለ፤ ውሃው ከሽበቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምንም አይታይም» አለ። «ጭቃ ነው።»

መነጽሩን ግን አላወለቀም። ትንፋሹን ሳበና እንደገና ጎንበስ አለ።